ሳንቃው ለሁለት ይበቃ ነበር?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሰሞኑን ታይታኒክን ደግመን አየነው። ወንድሜ ሲቪል መሐንዲስ ነው። እኔ መጨረሻው ላይ እንባዬን ስጠርግ እሱ ከት ብሎ ሳቀ። ‹ሳንቃው እኮ ለሁለት ይበቃ ነበር! የሦስት ሰዓት ፊልም በአንድ ቀዳዳ ተበላሸ› አለኝ። እውነት ጃክ መትረፍ ይችል ነበር? ከቻለ ታሪኩ ፉርሽ ነው ማለት ነው? ከፎንቃውስ ሌላ ቁም ነገር አለው ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለወንድምሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ብቻውን አይደለም። የፊልም ጽሑፍ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ አዲስ ክፍል በያዝኩ ቁጥር ይቺ ሮዝ ተንሳፋ የተረፈችባት፣ ፍቅረኛዋ ጃክ ግን ውሃ ውስጥ የቀረባት ሳንቃ ትነሳለች። አንድ ጊዜ ሁለት ተማሪዎቼ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሁሉ አንስተው ላዩ ላይ ተጋደሙና «ይኸው በቃን!» አሉኝ። በእርግጥም በቅቷቸዋል። ጠረጴዛው ግን ሲሚንቶ ላይ ነበር የቆመው።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ቦታ መኖርና ሸክም መቻል ለየቅል ናቸው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ይህን ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ሞልቷል። ሲቀመጥ ግን ታንኳው ዝቅ ይላል፣ ውሃው ከሥር ይመጣል፣ መቀመጫሽ ይርሳል። ጣና ላይ ብትርሺ ፀሐይ ያደርቅሻል። በዚያ ሌሊት ሰሜን አትላንቲክ ላይ ግን ውሃው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። ወደ በረዶነት ያልተለወጠው ጨው ስላለበት ነው። እዚያ ውስጥ ግማሽ ገላሽ ተነክሮ ግማሹ ሳንቃ ላይ ቢሆን ብዙም አይጠቅምሽም።

ትዕይንቱን መልሰሽ በዝግታ እዪው። መርከቧ ከሰመጠች በኋላ ጃክ ሳንቃውን ያገኛል። ሮዝ ትወጣለች። እሱም ሊከተላት ይሞክራል። ሳንቃው ያዘነብላል፣ ሁለቱም ተመልሰው ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ጃክ እሷን መልሶ ያወጣትና እሱ ጠርዙን ይዞ ይቀራል። በቃ። ከስንት ተመልካች ጋር አውርቻለሁ፤ አብዛኛው ሙከራውን ጭራሽ አያስታውሰውም። «ምነው አልሞከረም?» ነው የሚሉት። ሞክሯል። አንዴ። ይቺን «አንዴ» ያዢልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቀዝቃዛ ውሃ ሰውን እንዴት እንደሚገድል ያጠኑ ባለሙያዎች አንድ ቀላል ቀመር አላቸው። በካናዳዊው ጎርደን ጊስብሬክት ነው የታወቀው። 1፣ 10፣ 1 ይሉታል። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ድንጋጤው ትንፋሽሽን ይነጥቅሻል። ከዚያ እጅና እግርሽ የሚታዘዙልሽ ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ራስሽን እስክትስቺ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ አለሽ። ይህ እንግዲህ ጤነኛ፣ ያልደከመ፣ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ያጠለቀ ሰው ነው። ጃክ ጃኬት የለውም። ከዚያ በፊትም ለረጅም ሰዓት በውሃ በተሞላ መተላለፊያ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ነበር። ከቧንቧ ጋር በካቴና ታስሮም ነበር። ስለዚህ የሱ 10 ደቂቃ ቀድሞ ተበልቷል።

ሰዎች ነገሩን በወሬ አልተዉትም። በ2012 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሚዝበስተርስ የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ሞከረው። ሮዝ ጃኬቷን አውልቃ ከሳንቃው ሥር ብታስረው ኖሮ ለሁለቱም የሚበቃ ተንሳፋፊነት ይገኝ ነበር አሉ። ዘዴው ይሠራል። ግን ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ በዚያ ጨለማ፣ ጣቶችሽ ደንዝዘው፣ ሺህ ሰው ዙሪያሽን እየጮኸ፣ ከሳንቃ ሥር ጠልቆ ገመድ መቋጠር ማን ትዝ ይለዋል? በ2023 ደግሞ ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ራሱ፣ ፊልሙ 25 ዓመት ሲሞላው፣ ለናሽናል ጂኦግራፊክ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሁለት የስታንት ባለሙያዎች አስገብቶ የተለያዩ አማራጮችን አስሞከረ። በአንዳንዱ ጃክ ይሞታል። በአንዱ ግን፣ ሁለቱም ደረታቸውን ከውሃው በላይ አድርገው፣ ሮዝም ጃኬቷን ሰጥታው፣ የነፍስ አድን ጀልባው እስኪመጣ ሊቆይ ይችል ይሆናል። ካሜሮንም አመነ። ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ግን ብዙ «ቢሆን» መደራረብ አለበት።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ ይኸው፤ ይቻል ነበር፣ ግን ወንድምሽ እንደሚያስበው በቀላሉ አይደለም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ካሜሮን ቀደም ሲል በ2017 ይህንኑ ሲጠየቅ የመለሰው ያስቀኛል። ስክሪፕቱ ገጽ 147 ላይ ጃክ ይሞታል ስለሚል ነው የሞተው አለ። አላገጠ የሚሉ አሉ። አላላገጠም። ጸሐፊ ሲሆኑ መጀመሪያ የሚማሩት ይህን ነው፦ ገጸ ባሕሪ የሚሞተው ታሪኩ ስለሚፈልገው ነው። የውሃው ቅዝቃዜ፣ የሳንቃው ስፋት፣ ያ ሁሉ ሰበብ ነው። የጸሐፊው ሥራ ሰበቡ እንዳይነቃ ማድረግ ነው።

ታይታኒክ ላይ ሰበቡ ተነቃ። ለምን? መልሴ ይቺ ናት፤ ቀዳዳው ያለው ድርሰቱ ላይ ሳይሆን ስዕሉ ላይ ነው። ጽሑፉ «ሁለት ሰው አይችልም» ይላል። ካሜራው ደግሞ ሰፊ፣ የተቀረጸ፣ ያማረ እንጨት ያሳየናል። ቃልና ስዕል ሲጣሉ ተመልካች የሚያምነው ዓይኑን ነው።

ይህ ስህተት ከየት እንደመጣ ብታውቂ ትገረሚያለሽ። ከጥንቃቄ ነው የመጣው! በነገራችን ላይ ሳንቃ እንላለን እንጂ የበር መዝጊያ አይደለም። ከአንደኛ ማዕረግ ሳሎን መግቢያ በላይ የነበረ የተቀረጸ የጌጥ እንጨት ነው። ከእውነተኛዋ መርከብ የተረፈ ተመሳሳይ እንጨት ካናዳ ሃሊፋክስ በሚገኘው የባሕር ሙዚየም ውስጥ አለ። የፊልሙ ሠራተኞች በሱ አምሳል ነው የሠሩት። ታሪክን እናክብር ብለው ተመልካች የሚያላግጥበት ዕቃ ሠሩ። ካሜሮን ኋላ ላይ፣ አሁን ቢሆን አነስ አደርገው ነበር ብሏል። ያቺው የፊልም ዕቃ በ2024 ጨረታ ላይ 718,750 ዶላር ተሸጠች። ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ እንጨት ይህን ያህል ካወጣች፣ ለሁለት ብትበቃ ስንት ልትሸጥ ነው?

ወደ «አንዴ» ልመለስ። እኔ ኤዲትም እሠራለሁ። ያንን ትዕይንት ጠረጴዛዬ ላይ ቢያመጡልኝ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅ ነበር፤ ሁለተኛ ሙከራ። ጃክ በሌላ በኩል ዞሮ ቢሞክር። ሳንቃው ወርዶ ውሃው የሮዝ ደረት ድረስ ቢመጣ። ጃክ አይቷት፣ ዝም ብሎ ቢወርድ። ስምንት ሰከንድ። የሃያ አምስት ዓመት ክርክር በስምንት ሰከንድ ይዘጋ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ያ መውረድ ውሳኔ ይሆን ነበር። አሁን ባለው ግን ጃክ ቶሎ ተስፋ የቆረጠ ይመስላል።

ወንድምሽ ቀዳዳ ፍለጋ ከሆነ ሥራው ግን ከሳንቃው የባሱ አሉለት። ጃክ ለሮዝ ልጅ ሳለ ዊስኮንሲን ውስጥ ዊሶታ ሐይቅ ላይ በረዶ ሰብሮ ዓሣ ሲያጠምድ ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ይነግራታል። ዊሶታ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ግድቡ የተሠራው መርከቧ ከሰመጠች ከዓመታት በኋላ ነው። ሮዝ ይዛው የተሳፈረችው የፒካሶ ሥዕል ከመርከቧ ጋር ሲሰጥም እናያለን፤ ሥዕሉ ግን ዛሬም ኒውዮርክ ሙዚየም ግድግዳ ላይ በጤናው ተሰቅሏል። ሮዝ ሳንቃው ላይ ተንጋላ የምታየው ሰማይም የተሳሳተ ነበር። ኒል ዲግራስ ታይሰን የተባለው የጠፈር ሊቅ ለዓመታት ሲነዘንዝ ቆይቶ ካሜሮን በ2012 ፊልሙን በስሪዲ ሲያወጣ ከዋክብቱን አስተካከለለት። ሳንቃውን ትቶ ከዋክብቱን!

እነዚህ ማንንም አላስለቀሱም፣ ማንንም አላሳቁም። ለምን ይመስልሻል? ታሪኩ ስላልተደገፈባቸው ነው። ሐይቁ ሌላ ሐይቅ ቢሆን የሚቀየር ነገር የለም። ሳንቃው ላይ ግን የሰው ሕይወት ተንጠልጥሏል። ምሰሶና መጋረጃ እኩል አይመረመሩም፤ ይህንን መሐንዲሱ ወንድምሽ ከኔ በላይ ያውቀዋል።

አንድ ከበድ ያለ ልጨምር። ፊልሙ በሙሉ ምልሰት ነው። መቶ ዓመት የሞላቸው አሮጊት ሮዝ ተቀምጠው የሚያወጉት ነው። ታዲያ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ሠራተኞቹ ሲራወጡ ማን አያቸው? ሮዝ እዚያ አልነበረችም። ጃክ የመርከብ ትኬቱን በቁማር ሲበላስ? እሺ፣ ያንን እሱ ነግሯት ይሆናል። ሌላው ግን በተራኪ አንጻር ካየነው አይሆንም። ቢሆንም ማንም አይጠይቅም። ተራኪዋ በሩን ትከፍታለች፣ ካሜራው ግን ብቻውን ይገባል። ይህን ከልጅነታችን ጀምረን ተስማምተን ነው ተረት የምንሰማው። ከእሳት ዳር ሆነው አያታችን «አያ ጅቦ ለብቻው እንዲህ ብሎ አሰበ» ሲሉ «እርስዎ እንዴት አወቁ?» ያልናቸው ጊዜ የለም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ካል የሚባለው የሮዝ እጮኛ። መርከቧ እየሰመጠች፣ ውሃው ደረጃውን እየዋጠ፣ ሰውዬው ሽጉጥ መዝዞ ሁለቱን ያሳድዳል። ይህ ነው የማይመስለው! የሰው ጠባይ ቀዳዳ ከእንጨት ቀዳዳ ይብሳል። ካል ሲጀመር ክፉ ነው፣ ሲያልቅም ክፉ ነው፣ መሃል ላይ ምንም የለም። ፊልሙ በ14 ዘርፍ ታጭቶ 11 ኦስካር ሲወስድ በድርሰት ግን እጩ እንኳን አልሆነም። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ንግግሩ ብዙ ቦታ ላይ ደረቅ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ዊልያም መርዶክ የሚባል መኮንን በእውነት በመርከቧ ላይ ነበረ፣ በእውነትም ሞቷል። ፊልሙ ውስጥ ጉቦ ሲቀበል፣ ተሳፋሪ ተኩሶ ሲገድል፣ ከዚያም ራሱን ሲያጠፋ እናያለን። አንድ መኮንን ራሱን ተኮሰ የሚል ወሬ ከተራፊዎች ተሰምቷል። መርዶክ ስለመሆኑ ግን ማረጋገጫ የለም። የትውልድ ከተማው የስኮትላንዷ ዳልቢቲ ሕዝብ ተቆጣ። በ1998 የፊልም ድርጅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እዚያው ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፣ ለከተማዋ ትምህርት ቤትም 5,000 ፓውንድ ሰጡ። ተማሪዎቼን ይህን አስጠናቸዋለሁ። የፈጠራችሁትን ሰው እንደፈለጋችሁ ግደሉት፤ እናት የወለደችውን ሰው ግን በስሙ ስትጠሩት ተጠንቀቁ እላቸዋለሁ።

ወቀሳው ይብቃ። ድርሰቱ ብልህ የሆነበትን ቦታ ላሳይሽ፤ ምክንያቱም ሰው ሳንቃው ላይ አፍጥጦ ይህን አያየውም።

መጀመሪያ አካባቢ፣ ገና አሮጊቷ ሮዝ ስብርባሪውን የሚያስሱት ሀብት ፈላጊዎች ምርምር መርከብ ላይ እንደደረሱ፣ ቦዲን የሚባለው ጺማም ወፍራም ሰውዬ ኮምፒውተር ላይ አኒሜሽን ያሳያቸዋል። መርከቧ በረዶውን ገጨች፣ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ሞሉ፣ የፊቷ ወረደ፣ የኋላዋ ተነሳ፣ ለሁለት ተሰበረች፣ ጭራዋ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሰጠመች። እየቀለደ ነው የሚነግራቸው። እኛ ደግሞ ሰውዬው ምን ዓይነት ስድ ነው እንላለን። እውነቱ ግን ካሜሮን በዚህች ቀልድ የፊልሙን መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ነገረን። ይህ ንግር ነው፣ ማለትም የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም፤ ግን ድፍረት ያለበት ንግር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ትርምሱ ሲመጣ ማንም ቆሞ «አሁን ለሁለት ልትሰበር ነው» ማለት አያስፈልገውም። ካርታው ጭንቅላታችን ውስጥ አለ። እኛ ሰዎቹን ብቻ እናያለን። ልብ ሰቀላ ማለት የሚመጣውን መደበቅ ብቻ አይደለም። የሚመጣውን እያወቁ ገና የማያውቁትን ሰዎች ማየትም ልብ ይሰቅላል።

ይቺ መሰበሯ ራሷ ታሪክ አላት። በ1912 የተደረጉት ምርመራዎች መርከቧ ሳትሰበር ነው የሰጠመችው ብለው ደመደሙ። ስትሰበር አየን ያሉ ተራፊዎች ነበሩ። አልተሰሙም። በ1985 ስብርባሪዋ 3,800 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሲገኝ ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ። ሰዎቹ ከ70 ዓመት በላይ ቆይተው እውነት ወጣላቸው። ይህን አስታውሺ፤ ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ የሚያስገባን በር ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ለወንድምሽ። ጃክና ሮዝ የተገናኙት የመርከቧ ጭራ ላይ ነው። ሮዝ ልትዘል፣ ጃክ ሊያስቀራት። የሚያስቀራት በምንድን ነው? ስለ ፍቅር አይሰብክላትም። ስለ ውሃው ቅዝቃዜ ነው የሚነግራት። ያኔ ውሃው እንዴት ገላን እንደሚወጋ፣ ትንፋሽ እንደሚያቋርጥ ይገልጽላታል። የራሱን ሞት ነው የተረከላት። መርከቧ ስትሰምጥም እዚያው ጭራ ላይ፣ እዚያው ብረት ላይ ተንጠልጥለው እናገኛቸዋለን። እንግዲህ ዋናው ጉድ እዚህ ነው። ሮዝ በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ተሳፍራ ነበር። ጀልባው እየወረደ ሳለ ዘላ ተመለሰች። ባትመለስ ኖሮ ሳንቃው የጃክ ብቻ ይሆን ነበር። ለሁለት ይበቃል አይበቃም ብሎ መከራከር ይቀር ነበር። ፊልሙ ይህን አንድም ጊዜ በቃል አይናገርም። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ይከብደኛል። አሮጊቷ 84 ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገሩት ለምን ይመስልሻል?

እና ፎንቃ ብቻ ነው ወይ? አይደለም። ብዙዎች «የሀብታምና የድሃ ፊልም ነው» ብለው ያልፉታል። እሱም ልክ ነው። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ከአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ከመቶ 60 በላይ ሲተርፉ ከሦስተኛ ማዕረግ 25 ገደማ ናቸው የተረፉት። ወደ 2,200 ሰው ላሳፈረች መርከብ 20 ጀልባ፣ 1,178 ቦታ። የሚያናድደው ደግሞ ይህ ሕጋዊ መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ደንብ የጀልባውን ቁጥር የሚወስነው በመርከቡ ግዝፈት ነበር፣ በሰው ብዛት አልነበረም። ጣሪያውም 10,000 ቶን ላይ ቆሟል። ታይታኒክ ከ46,000 ቶን በላይ ነበረች። ሕጉ 16 ጀልባ ሲጠይቃት 20 ይዛ ወጣች። በወረቀት ላይ ከሚጠበቅባት በላይ አድርጋለች።

የተቆለፉት የብረት በሮችስ? ፊልሙ አጋንኗል። መለያ በሮች ግን ነበሩ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በሽታ እንዳይዛመት ሦስተኛ ማዕረግ ከሌላው ተለይቶ እንዲጓዝ ያስገድድ ነበር። የእንግሊዙ ምርመራ ሦስተኛ ማዕረግ ላይ አድልዎ አልተደረገም ብሎ ደመደመ። እዚያ ምርመራ ላይ ግን አንድም የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ለምስክርነት አልተጠራም። እነሱ ሳይጠየቁ እንዳልተበደሉ ተጻፈ።

የፊልሙ ጭብጥ ለኔ ይህ ነው። ማን ተመዘገበ? ማን መሰከረ? አሮጊቷ ተርከው ሲጨርሱ ቦዲን ስለ ጃክ አንድም መዝገብ አላገኘንም ይላቸዋል። እንዴት ይገኝ? ትኬቱን ሊነሳ ደቂቃዎች ሲቀሩት በቁማር የበላ ልጅ ነው። የተሳፋሪ ዝርዝር ላይ ስሙ የለም። ፎቶው እንኳን እሳቸው ዘንድ የለም። ያለው እሳቸው ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው። ሀብት አሳሾቹ ሦስት ዓመት ባሕር ውስጥ አልማዝ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ አልማዙ መዝገብ አለው፣ ባለቤት አለው፣ ኢንሹራንስ አለው። ጃክ የለውም። ታዲያ ጃክ ቢተርፍ፣ አግብቷት ልጅ ቢወልዱ፣ ለምስክርነቱ ምን ቦታ ይቀራል? ሴትዮዋ ምን ሊነግሩን ይቀመጣሉ? ገጽ 147 ላይ የሚሞተው ለዚህ ነው እንጂ እንጨት ስላነሰ አይደለም።

ስለ መዝገብ ካነሳን አንድ እውነተኛ ነገር ልንገርሽ። ሃሊፋክስ ውስጥ ፌርቪው የሚባል መቃብር ቦታ አለ፤ ከታይታኒክ የተገኙ ብዙ አስከሬኖች እዚያ አርፈዋል። 227 ቁጥር ያለው ድንጋይ ላይ «ጄ. ዶውሰን» ተጽፎበታል። ፊልሙ ሲወጣ ወጣቶች እየጎረፉ አበባ ያስቀምጡበት ጀመር። የጃክ መስሏቸው ነው። ሰውየው ጆሴፍ ዶውሰን ይባላል፤ መርከቧ ሆድ ውስጥ ለእሳት ማንደጃው ከሰል የሚያቀርብ ሠራተኛ ነበር። ካሜሮን ስሙን ሲመርጥ ስለ ሰውየው አያውቅም ነበር። ከሰል ሲዝቅ ኖሮ ከመርከቧ ጋር ከሞተ በኋላ ከ80 ዓመት በላይ ማንም ያላስታወሰው ሰው በስም ሞክሼነት አበባ ደረሰው። በስህተት ያለቀሱለትም ቢሆን ይቆጠርለታል ባይ ነኝ።

እኔ ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት በቪዲዮ ቤት ነው። በሁለት ካሴት ነበር። ባለቤቱ የመጀመሪያውን አውጥቶ ሁለተኛውን ሲያስገባ መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው በጨለማ ተቀምጦ ጠበቀ። ሁላችንም መርከቧ እንደምትሰምጥ እናውቃለን እኮ! አንድ ሰው ብቻ «ምናልባት ይተርፍ ይሆናል» አለ። ማንም አልሳቀበትም።

ከወንድምሽ ጋር ለሦስተኛ ጊዜ ካያችሁት ሳንቃውን ለሱ ተይለትና አንቺ መጨረሻውን እዪ። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ናቸው። ተኝተው ይሁን ሞተው ካሜሮን አልነገረንም። አጠገባቸው የተደረደሩት ፎቶዎች ላይ ካሜራው ቀስ ብሎ ያልፋል። በአንዱ ሮዝ ፈረስ ላይ ናት፤ እግሯን እንደ ወንድ አንፈራጥጣ፣ ጃክ እንደነገራት። ከዚያ ካሜራው ወደ ስብርባሪው ይወርዳል፣ ዝገቱ ይገፈፋል፣ መብራቱ ይበራል፣ በሩ ይከፈታል። ትልቁ ደረጃ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሁሉም በዚያ ሌሊት የሞቱ ናቸው። መርከቧን የነደፈው አንድሪውስ አለ። ፋብሪዚዮና ቶሚም አሉ፤ የሦስተኛ ማዕረግ ልጆች፣ በሕይወት ሳሉ ያንን ደረጃ መርገጥ የማይፈቀድላቸው። ካል የለም። ጃክ ላይ፣ ሰዓቱ ጋ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሰዓቱን እዪው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ቆሟል፤ ሚያዝያ 7 ቀን 1904 በኛ አቆጣጠር፣ መርከቧ የጠፋችበት ደቂቃ ላይ።